ሰማያዊ ይሁን

ፎቶ ማስታወሻ ነው ይላሉ። አይደለም። ማስታወስ የፈለገ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ያስታውሳል፤ ወረቀት አያስፈልገውም። ነቀምቴ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ፎቶ ቤት ለዓመታት ተቀምጬ ያየሁት ሌላ ነው። ሰው ፎቶ የሚያሳድገው አንድ ነገር ቁርጥ ሲሆን ነው፤ ልጅ ሲመረቅ፣ ልጅ ሲዳር፣ አባት ሲሞት። ጉርድ ፎቶ ቦርሳ ውስጥ እስካለች ድረስ ምንም አትናገርም። አድጋ፣ ክፈፍ ገብታ፣ ግድግዳ ላይ ከወጣች በኋላ ግን ፍርድ ናት። እንግዳው ቀና ብሎ ያያትና ወይ "እንኳን ደስ ያላችሁ" ይላል፣ ወይ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ"። በሁለቱ መካከል የሚባል ነገር እስካሁን አልተፈጠረም።

ይህን ተመራምሬ ደርሼበት ቢሆን ደስ ባለኝ። የደረስኩበት አንድ ሰው ገድዬ ነው።

ፎቶ ቤቷ ጠባብ ናት። ፊት ለፊት ባንኮኒ፣ ከባንኮኒው ጀርባ ኮምፒውተርና ማተሚያ፣ በጎን ሲሠራ እንደ ወባ በሽተኛ የሚንቀጠቀጥ የፎቶ ኮፒ ማሽን፤ ከመጋረጃው ወዲያ ደግሞ ሁለት መብራትና አንድ በርጩማ ያሉበት ፎቶ መነሻ ክፍል። መንገዱን የሚያየው መስኮት የተጠናቀቀ ሥራ የሚሰቀልበት ነው፤ ያዘዘው ሰው እስኪመጣ ድረስ ፎቶው እዚያ ሆኖ ለቤቱ ማስታወቂያ ይሠራል። ስልክ ፎቶ ቤትን ገደለ የሚሉትንም አልሰማቸውም። ስልኩ ላይ አንድ ሺህ ፎቶ ያለው ጎልማሳ፣ መታወቂያ ሊያሳድስ ሲሄድ የሚሮጠው ወደዚህች ቤት ነው፤ ተራ ይዞ፣ ጸጉሩን በምራቁ አስተኝቶ።

እኔ እዚያ መሄድ የጀመርኩት ጽሑፌን ለማተም ነበር። አስተማሪነቱን ትቼ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ሰው የሚያነበውን ሳይሆን የሚያናድደውን ስለምጽፍ፣ ማተሚያ መግዛት አልቻልኩም። ከፎቶ ቤቱ ባለቤት ጋር የተግባባነው በዝምታ ነው። ስልሳ ዓመት ያለፈው፣ ቀጭን፣ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። አማርኛውን ግማሹን ከትምህርት ቤት፣ ግማሹን ከመዝሙር ነው ያገኘው። እኔን "ደራሲው" ይለኛል፤ የሚለው ግን ሰው "ሥራ ፈቱ" በሚልበት ድምፅ ነው። ሠርግ ሊቀርጽ ወደ ገጠር ሲወጣ ባንኮኒውን ለእኔ ይተዋል። ፎቶ ማንሳት አልችልም፤ ኮፒ አደርጋለሁ፣ ትዕዛዝ እቀበላለሁ፣ የታዘዘውን ፖስታው ላይ እጽፋለሁ። መጻፍ እችላለሁ ብዬ አምን ነበር።

ባለቤቱ ትንሽ ፎቶ ለማሳደግ የመጣን ሰው "በሕይወት አለ ወይ?" ብሎ አይጠይቅም ነበር። ጥያቄው ራሱ ግማሽ መርዶ ነው ይላል። የሚጠይቀው "ጀርባው ምን ይሁን?" ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ፏፏቴ አለ፣ ባለ ፎቅ ቪላ አለ፣ የአበባ አጥር አለ፣ ምንም የሌለበት ነጭም አለ። እነዚህ ለሚኖሩ ናቸው። ለሞቱት ራሱ የሠራው አንድ አለው፤ ፈዘዝ ያለ ሰማይ፣ ከታች ነጭ ደመና፣ ከላይ ደግሞ በጣት ተጠንቁሎ የወጣ የሚመስል የብርሃን ጨረር። ይህን ጀርባ "ሰማያዊ" ይለዋል። ደንበኞቹም ለምደውታል፤ "ሰማያዊው ይሁንልኝ" ይላሉ፣ እሱም ሌላ ሳይጠይቅ አንገቱን ደፍቶ ይመዘግባል። ሰው የሞተበት ሰው ሞተብኝ ሳይል ይወጣል። ደግነት ነው፤ አልክድም።

እኔ ግን ከደግነቱ ይልቅ ሰዋስው ያሳስበኝ ነበር። አንድ ቀን፣ ሰማያዊ ቀለም ነው እንጂ የሙታን አገር አይደለም አልኩት። ከኮምፒውተሩ ቀና ሳይል፣

"ለእናንተ ቀለም ነው። እኛ ቃሉን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያገኘነው። ሰማያዊ አባት ስንል ቀለም የተቀባ አባት ማለታችን ነው?" አለኝ።

ሳቅኩ። ለብዙ ሰውም አወራሁት። እንግዲህ ቃሉ እዚያ ቤት ውስጥ ምን ማለት እንደሆነ አላውቅም ነበር ብል ውሸታም ነኝ።

ሴትዮዋ የመጣችው በክረምት፣ ጠዋት ነው። ባለቤቱ ከመጋረጃው ወዲያ አንድ ቤተሰብ እያነሳ ስለነበር ያስተናገድኳት እኔ ነኝ። ነጠላዋ ላይ ላስቲክ ደርባለች። አነጋገሯ የወሎ ነው፤ ግን እንደገባች ሰላምታ ያቀረበችው በኦሮምኛ ነበር፣ "አካም ቡልታን" ብላ። ከጊዳ አያና በኩል ናት፤ ወላጆቿ ከወሎ መጥተው እዚያ ሰፍረው እዚያ ተቀበሩ። ቤቷ ከጠፋ ወዲህ ነቀምቴ እህቷ ጋ ተጠግታለች። ቤቷ እንዴት እንደጠፋ አልነገረችኝም፣ አልጠየቅኳትም። በእኛ አገር "የጸጥታ ችግር" የሚባል ሐረግ አለ፤ ሰው የማይናገረውንም የማይጠይቀውንም ሁሉ ይሸፍናል፤ እንደ ላስቲኳ።

ከመሀረቧ ቋጠሮ ጉርድ ፎቶ አወጣች። ከተማሪ መታወቂያ ላይ የተላቀቀች ናት፤ የማኅተሙ ግማሽ ክብ ግራ ትከሻው ላይ ታትሟል። ነጭ ሸሚዝ የለበሰ፣ ከንፈሩን ገጠም ያደረገ ልጅ ነው።

"ይህን ልጅ አሳድግልኝ" አለች።

እኔም አፌ አያርፍምና፣ ስንት ዓመት ትሰጭኛለሽ አልኳት።

"እኔን ሃያ ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። አንተ እስከ ነገ ሰባት ሰዓት።"

መልሱ እጅግ ደስ አለኝ። በኦሮምኛም "ጉዲሱ" ማለት ልጅ ማሳደግም ነገር ማተለቅም ነው፤ ሁለት ቋንቋ በአንድ ቀልድ ላይ መስማማቱን እያደነቅኩ፣ በልቤ አንድ ጽሑፍ ጀምሬ ነበር። በዚያው መሃል ጀርባው ምን ይሁን አልኳት፤ ሰማያዊ ይሁን አለች፤ ሌላም አከለችበት። የጨመረችውን ጆሮዬ ሰምቶታል። እጄ ግን ፖስታው ላይ "ይደግ። ሰማያዊ።" ብሎ ጽፎ ጨርሶ ነበር። ከዚያ በኩል የመጣች ሴት፣ የአንድ ልጅ ጉርድ ፎቶ፣ ሰማያዊ። ምን የሚጠየቅ ነገር አለ?

ባለቤቱ ማታውን ሠራው። በነጋታው በማለዳ ዲጋ ውስጥ ሠርግ ስለነበረው ካሜራውን ይዞ ሄደ፤ እኔ በሦስት ሰዓት መጥቼ ስከፍት ፎቶው ክፈፍ ገብቶ መስኮቱ ላይ ተሰቅሏል። ማኅተሙን አጥፍቶለታል። ልጁ ከደመና በላይ፣ ጨረሩ ግንባሩን እየነካው ቆሟል። ጥሩ ሥራ ነው አልኩ። ወዲያው መብራት ጠፋ፤ እኔም በር ላይ ወንበር አውጥቼ ዝናቡን እያየሁ ተቀመጥኩ።

አራት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው መስኮቱ ፊት ቆመ። የጊዳ አያና መስመር ሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ተሳፋሪ እየጠበቀ መናኸሪያ ሲመላለስ በመልክ አውቀዋለሁ። ቆብ አድርጎ ነበር። አወለቀው። ዝናቡ ራሱ ላይ እየወረደ ትንሽ ቆየና ወደ እኔ ዞረ።

"ጋሼ፣ መቼ ነው?"

"ምኑ?"

"የእሱ ነዋ። ቁርጡ መቼ ታወቀ?"

ቁርጥ የሚለውን ቃል ስሰማ ከወንበሬ ተነሳሁ። ምን ማለትህ ነው አልኩት። ነገረኝ። ልጁ የመንደሩ ልጅ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ለጉዳይ ወደ ቢላ ከተማ ሄዶ መንገድ ተዘጋበት፤ ቢላ ነው ተባለ፣ ከዚያ ወጥቷል ተባለ፣ ከዚያ በኋላ ወሬው ጠፋ። ሞተ ያለ የለም፤ አለ ያለም የለም። በቅርቡ ግን ጊምቢ መናኸሪያ ውስጥ እሱን የመሰለ ልጅ አየሁ ያለ ሰው ተገኝቶ፣ እናትዮዋ ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ እያለች ነበር።

ፎቶ ይዤ እሄዳለሁ። እስከ ነገ ሰባት ሰዓት።

ክፈፉን ከመስኮቱ አወረድኩት። እጄ ላይ ከመጠኑ በላይ ከበደኝ። ሹፌሩ የማደርገውን አይቶ ገባው፤ ፊቱ ተለወጠ።

"አልሞተም እንዴ?"

"አናውቅም። ስህተት ነው። የፎቶ ቤት ስህተት ነው።"

"እኔኮ ደውያለሁ" አለ።

አንስቶ የላከው ፎቶ ስልኩ ላይ አለ፤ አሳየኝ። የደወለው አያና ላለች ጎረቤታቸው ነው። ሰውዬው ባለጌ አይደለም፤ ወጉን ያውቃል። ለእናትዮዋ አንዳች ቃል እንዳይነገር፣ ነገ በማለዳ ሽማግሌ እህቷ ቤት እስኪላክ ድረስ ጎረቤቲቱ ዝም እንድትል አስጠንቅቋታል። መርዶ ማለዳ ነው፤ በሰው ነው፤ ሰው ቤቱ ሆኖ ሳለ ነው። በመስኮት የሚነገር መርዶ አይቶ አያውቅም፤ ካየም እኔ ያሳየሁት ይህ አንዱ ነው።

መልሰህ ደውል አልኩት። ደወለ። ያቺ ከስልኩ ውስጥ የማትጠፋው ሴት፣ ደንበኛውን ማግኘት አይቻልም አለችን። ደጋግሞ ደወለ፤ ደጋግማ አለችን። ሚኒባሱ ውስጥ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች መጮህ ጀመሩ፤ መንገዱ ሳይመሽ የሚያልፉት ነው፣ ቆሞ የሚጠብቅ የለም። መንገድ ላይ እሞክራለሁ ብሎኝ፣ ቆቡን በእጁ እንደያዘ ሄደ። ከከተማ ሲወጣ ኔትወርክ እንደማይኖረው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ባለቤቱን ደወልኩለት። ከጀርባው የሠርግ ዘፈን ይንጫጫል።

"ሰማያዊ ብለህ ጽፈሃል" አለኝ።

"ጽፌያለሁ።"

"ታዲያ?"

"ቀለሙን ማለቷ ነው።"

ዘፈኑ እየራቀ ሄደ፤ ከድንኳኑ ወጥቷል።

"መስኮቱ ላይ ነው?"

"አውርጄዋለሁ።"

"መጣሁ" አለና ዘጋው። ሙሽሮቹ ገና ኬክ አልቆረሱም ነበር። የዲጋ ሰዎች ያን ቀን ጥሏቸው መሄዱን እስከ ዛሬ አልረሱለትም፤ እሱም እስከ ዛሬ ምክንያቱን አልነገራቸውም።

አምስት ሰዓት ሆነ። ስድስት ሆነ። መብራት የለም። ክፈፉን ኮፒ ማሽኑ ጀርባ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሬ አቆምኩት፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ። ምን እንደምላት ማቀናበር ጀመርኩ። መብራት ስለጠፋ አልደረሰም እላለሁ፤ ግማሹ እውነት ነው። ነገ ጠዋት ነይ እላለሁ። ነገ ጠዋት ግን ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ዕድሜ ልኬን በየጽሑፌ ሰው ሁሉ እውነት ከመናገር ይሸሻል እያልኩ የሰደብኩ ሰው፣ ውሸት እየመረጥኩ ተቀመጥኩ፤ ከራሴ ጋር የሚያጣላኝ የውሸቱ ዓይነት ብቻ ነበር።

ከቀጠሮዋ ቀድማ መጣች። ስድስት ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ላስቲኳን አራግፋ በሩ ላይ ሰቀለችው፤ ነገ በማለዳ ወደ ጊምቢ የሚወጣ መኪና ላይ ቦታ መያዟን ነገረችኝ። መብራት እንደሌለ ነገርኳት። እሱንስ አየሁ፣ ታዲያ ትናንት ማታ መብራት ነበረኮ አለች። ዓይኔ ወደ ኮፒ ማሽኑ ሄደ። ልጆች እንኳ እንዲህ አይጋለጡም። ዓይኔን ተከትላ አየች፤ የክፈፉን ጠርዝ አየች፤ ዞራ ገብታ አወጣችውና ወደ በሩ ብርሃን ይዛው ሄደች።

የምትጮህ መስሎኝ ነበር። አልጮኸችም። መጀመሪያ ፊቱን አየች፤ በአውራ ጣቷ ጉንጩን ነካችው። ከዚያ ጨረሩን አየች። ከዚያ ደመናውን። ሳትዞር፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣

"ማን ነገራችሁ?" አለች።

አልገባኝም ነበር። ደግማ ጠየቀች።

"እኔ ያልሰማሁትን እናንተ ማን ነገራችሁ?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ፎቶውን ስህተት ነው ብላ አላሰበችም። መርዶ ነው ብላ ነው የያዘችው። ከተማው ያወቀውን፣ ፎቶ ቤቱ ያወቀውን፣ እሷ ብቻ የቀረች መስሏታል። ማንም አልነገረንም አልኳት። ወንበር ስቤ ተቀመጭ አልኳት፤ አልተቀመጠችም። ስለ ሰማይ፣ ስለ ቀለም፣ ስለ ባለቤቱ አማርኛና ስለ ቤተ ክርስቲያን ማብራራት ጀመርኩ፤ እያብራራሁ ሳለ የማወራው ሁሉ ሰው ላይ ድንጋይ ከጣሉ በኋላ ስለ ድንጋዩ ዓይነት እንደ ማውራት ሆኖ ተሰማኝ። በመጨረሻ ፖስታውን አወጣሁና ሰጠኋት። ማንበብ አልችልም፣ አንብብልኝ አለች። አነበብኩላት።

"ይደግ። ሰማያዊ።"

"ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ነጭ ላይ ትከሻው እንዳይጠፋብኝ ሰማያዊ ይሁን አልኩህኮ።"

አዎ፤ ትናንት ያከለችው እሱን ነበር። ትከሻው እንዳይጠፋ። ለፎቶ የሚያስብ ሰው የሚሰጠው ትክክለኛ ትዕዛዝ ነው፤ ነጭ ልብስ በነጭ ጀርባ ላይ ይጠፋል። እሷ የፈለገችው ጊምቢ መናኸሪያ ውስጥ በዝናብ ቀን ከሩቅ የሚለይ ልጅ ነበር። እኔ የጻፍኩት ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱም የእሷ ናቸው፤ ሲገጣጠሙ ግን የእኔ ሆኑ።

ስልኳ ጮኸ።

ከነጠላዋ ስር አወጣችው፣ አየችውና ከአያና ነው አለች። እኔ ምን እንደሆነ አውቄ ነበር። ነገርኳት፤ ያን ያህል እንኳ አደረግኩ። አንድ ሹፌር መስኮቱ ላይ አይቶ ለጎረቤትሽ ደውሏል አልኳት። ስልኩ እየጮኸ ዓይን ለዓይን ተያየን። አነሳችው። ከውስጥ ለቅሶ ተሰማ፤ የሴት ድምፅ፣ በኦሮምኛ፣ ከቃል ይልቅ እንባ የበዛበት። ምስኪኗ ጎረቤት እስከ ማለዳ መቻል አልቻለችም። እናትዮዋ ለአፍታ አዳመጠችና ስልኩን ወደ እኔ ዘረጋችው።

"የሠራኸው አንተ ነህ። አንተ ንገራት።"

ኦሮምኛዬ የገበያ ነው፤ ለመግዛትና ሲሰድቡኝ ለመስማት ይበቃኛል። እዚህ አገር ሃያ ዓመት ኖሬ ከዚያ አለማለፌን እንደ ቀልድ ነበር የማወራው። ስልኩን ይዤ የማውቀውን ቃል ሁሉ ፈለግኩ፤ ያገኘሁት አንድ ነው።

"ሂን ዱኔ" አልኩ። አልሞተም።

ለቅሶው ቆመ። ከዚያ እልልታ ሆነ። ረጅም፣ የሚያስተጋባ፣ ሌሎች ሴቶችም እየተቀበሉት የሚሄዱት እልልታ ከስልኩ ወጥቶ ፎቶ ቤቱን ሞላው። "ጂራ? ጂራ?" ትለኛለች ሴትዮዋ፤ አለ ወይ፣ በሕይወት አለ ወይ። ለዚያ የሚሆን ቃል በአማርኛም አልነበረኝም። በአንድ ቀን አንድ ሰው ገደልኩ፤ ከዚያ አስነሳሁት፤ ሁለቱንም ያደረግኩት ምንም ሳላውቅ ነው።

እናትዮዋ እልልታውን ሰምታለች። ፊቷን ያየሁት ያኔ ነው፤ ባላየሁት ይሻለኝ ነበር። ለአንዲት ሰከንድ አምናለች። እኔን እያየች፣ እኔ የማውቀው ነገር ያለ መስሏት፣ ለአንዲት ሰከንድ አምናለች።

"ምን አልካት?"

"አልሞተም አልኳት።"

"ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

ስልኩን ከእጄ ወሰደች። እልልታው ቀዝቀዝ እስኪል ጠበቀችና በኦሮምኛ፣ ልጅ እንደምታባብል በቀስታ፣ "ሂን ቤክኑ" አለች። አናውቅም። ወዲያ ማዶ ያለችው አልሰማቻትም መሰል ደገመችላት። "አንቺ እህቴ፣ ሂን ቤክኑ።" ከዚያ በኋላ በስልኩ ውስጥ የዝናብ ድምፅ ብቻ ነበር፤ የአያና ዝናብ ይሁን የነቀምቴ አልለየሁትም።

ባለቤቱ መኪና አጥቶ ቆይቶ በስምንት ሰዓት ደረሰ፤ ካሜራውን ጃኬቱ ውስጥ ወሽቆ፣ የሠርግ ክራቫቱ አንገቱ ላይ ረጥቦ ተጣብቆ። እሷ መነሻ ክፍሉ ውስጥ በርጩማው ላይ፣ ክፈፉን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ከፊቷ ቆሞ "ሃርሜ፣ ዲፈማ" አላት፤ እናቴ፣ ይቅርታ። እኔ አንድ ሰዓት ሙሉ ያብራራሁትን በሁለት ቃል ጨረሰው። እሷም፣

"ጥፋቱ የደራሲው ነው" አለች። ስሜን ከእሱ ሰምታ መሆን አለበት፤ ግን በእሷ አፍ ውስጥ "ደራሲ" ያለ ምንም ለውጥ ትርጉሙን አገኘ፤ የሌለውን የሚፈጥር።

መብራቱ አልመጣም። ከጎን ካለው ጸጉር ቤት ጄኔሬተር ገመድ ስበን ኮምፒውተሩን አስነሳን። ሰውዬው ጨረሩን አጠፋ፣ ደመናውን አጠፋ፤ ከዚያ ምንም የሌለበት፣ እንደ ትምህርት ቤት ደብተር ሽፋን ያለ ሰማያዊ አነጠፈ። ልጁ ከሰማይ ወርዶ ግድግዳ ፊት ቆመ። እሷ ከወንበሩ ጀርባ ሆና ታያለች።

"ግራ ትከሻው ገብቷል። አውጣው" አለች።

ማኅተሙን ሲያጠፋ ትከሻውንም አብሮ ነክቶት ነበር። ጨመረለት።

"አሁን በዛ። ግራው ዝቅ ይላል። ከልጅነቱ ውኃ በዚያ ነው የሚሸከመው።"

ዝቅ አደረገለት። ትንሽ አወጣው፣ ትንሽ መለሰው። እሷ "እንደዚያ"፣ "አይደለም"፣ "ቆይ" ትላለች፤ እሱ ይታዘዛል። ጄኔሬተሩ ያጓራል። ልጇን ለሁለተኛ ጊዜ፣ ከትከሻው ጀምራ፣ ስታሳድገው ቆሜ አየሁ። እኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ የሠራሁት ሥራ ቢኖር የጄኔሬተሩን ገመድ ሰው እንዳይረግጠው መጠበቅ ነው።

አንዱን ጠቅልላ ያዘች። ከዚያ ሌላ አንድ አትሙልኝና መስኮቱ ላይ ስቀሉልኝ አለች። ሁለታችንም ቀና ብለን ስናያት፣

"ያ ሹፌር በአንድ ጠዋት አይቶ አያና ድረስ ካደረሰው፣ መስኮታችሁ ሥራ ይሠራል ማለት ነው። ይሥራ" አለች።

በነጋታው ጊምቢ ሄደች። ሽማግሌዎቹ አልመጡም፤ ሹፌሩ አያና እንደደረሰ ራሱ በየቤቱ ዞሮ አስቁሟቸዋል። ጊምቢ የታየው ልጅ ተገኘ፤ ሌላ ልጅ ነው፤ የሌላ ሰው። ተመልሳ ይህንኑ ነገረችን፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ወሬ ሰምታ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች። ክፈፏ ጠርዙ ተላልጧል።

ባለቤቱ ከዚያ ቀን ወዲህ ፎቶ ለማሳደግ የመጣን ሁሉ "አለ?" ብሎ ይጠይቃል። እኔ አልወደድኩለትም። አንዳንዱ አለ ይላል፣ አንዳንዱ የለም፤ አንዳንዱ ግን እንዲሁ ያየዋል፣ ያን ጊዜ ሰውዬው እስክርቢቶውን ይዞ ይቀራል። ለዚህኛው ዓይነት ፖስታው ላይ ምን እንደሚጻፍ እስካሁን አልተስማማንም።

ሁለተኛው ፎቶ መስኮቱ ላይ አለ። ከሥሩ "አፋልጉን" ብለን በሁለቱም ቋንቋ ጽፈናል፤ ስልክም አለበት። የሚያሳዝነው ሰው ጽሑፍ አያነብም። ያደገ ፎቶ፣ ክፈፍ፣ ሰማያዊ ጀርባ ሲያይ ልማዱ ይበልጥበታል፤ ቆብ ያወልቃል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ የሚለውን ብሎ ያልፋል። በር ላይ ተቀምጬ በቀን ስንት ጊዜ እንደምሰማው እኔ ነኝ የማውቀው። አንዳንድ ቀን እሷም ውስጥ ተቀምጣ ትሰማዋለች።

ስለዚህ እናንተ፣ በነቀምቴ መናኸሪያ በኩል ካለፋችሁ ቁሙና ልጁን እዩት፤ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለውን። ካወቃችሁት ግቡና ተናገሩ። ካላወቃችሁት አፋችሁን ዝጉ፤ "ነፍስ ይማር" አትበሉብን።